ዳና፣ ዱካ፣ ፋና፦ የእግር ቃላት በአዋሽ ዳር

እንግሊዝኛ ውስጥ «ቬስቲጅ» የሚባል ያረጀ ቃል አለ። ከላቲኑ «ቬስቲጊዩም» የተወረሰ ሲሆን፣ የጥንት ትርጉሙ እግር መሬት ላይ ትቶት የሚያልፈው ምልክት ማለት ነው። ዛሬ ቃሉን የሚጽፍ እንግሊዛዊ ግን እግርም መሬትም ትዝ አይለውም። የፈረሰ ግንብ ፍርስራሽ፣ የተረሳ ልማድ ቅሪት፣ የሞተ ሥርዐት ርዝራዥ ማለቱ ነው። ከዚሁ ሥር የበቀለው «ኢንቬስቲጌሽን» ወደ እኛም ዘልቆ፣ በጋዜጣ አምድና በተማረው ሰው አፍ ከ«ምርመራ» ጎን ለጎን ሲነገር ኖሯል። ሥሩ ሲፈታ «ዱካ መከተል» ነው። በጠባብ ክፍል ተቀምጦ የተጠርጣሪ ቃል የሚቀበለው መርማሪ፣ ሳያውቀው በጫካ አጎንብሶ የሚሄድ የአዳኝ ስም ተሸክሟል ማለት ነው።

እነሱ እግሩን ከረሱት ቆይተዋል። ለመሆኑ እኛስ?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አዳማ ላይ ተቀምጦ ለሚጠይቅ ሰው ግን አይደለም። ከዚህ ወደ ላይ፣ ይኸው በወንጂና በሶደሬ የሚያልፈው አዋሽ በሚወርድበት ዳርቻ፣ ሰባት መቶ ሺሕ ዓመት የሞላቸው የሕፃናት እግር ምልክቶች ተገኝተዋል። እዚህ ታች ደግሞ እነዚያን ምልክቶች በስማቸው የምንጠራባቸው ቃላት ከከተማው ሰው አፍ እየወጡ ናቸው። መሬቱ ያቆየውን ቋንቋው እየጣለው ነው።

አማርኛ ለእግር ምልክት ያሉት ቃላት ብዛት ያስገርማል። «ዳና» አለ፣ «ዱካ» አለ፣ «ኮቴ» አለ፣ «ፈለግ» አለ፣ «ፋና» አለ። ግእዙን እንጨምር ካልንም «አሠር» አለ። መዝገበ ቃላት ሲፈታቸው አንዱን በሌላው እየተረጎመ ያዞረናል፤ ደኅና ተናጋሪ ግን አያምታታቸውም። ጆሮዬ እንደሚነግረኝ «ዳና» አንዲቱ የእግር ቅርጽ ናት፤ ጣቱና ተረከዙ የሚለይባት። «ዱካ» ግን ዳናዎቹ ተከታትለው የሚሠሩት መስመር ነው። ዳናን ያዩታል፣ ዱካን ይከተሉታል። ሌባም «ዱካውን አጠፋ» ይባላል እንጂ «ዳናውን አጠፋ» ሲባል እምብዛም አይሰማም። (በነገራችን ላይ ዱካ ትንሽ መቀመጫም ነው። የሄደውንም የተቀመጠውንም በአንድ ቃል መያዝ የአማርኛ ሥራ ነው።)

«ኮቴ» በመጀመሪያ የከብት ነው። ከሰኮናው ወደ ሰኮናው ምልክት፣ ከምልክቱም ወደ ድምፁ ተሻግሯል። ሌሊት «ኮቴ ሰማሁ» የሚል ሰው ያየው ነገር የለም። የኮቴ ዕጣ ፈንታ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ያስቃል። ከብት ወደ ገበያ ሲነዳ በከተማ መግቢያ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ «ኮቴ» ተባለ፤ ምክንያቱም የሚቆጠረው የሚረግጠው እግር ነው። ዘመን ሲለወጥ በዚያው ስም ከጭነት መኪና ላይ ይጠየቅ ጀመር። ሰኮና የሌለው፣ ዐሥራ ምናምን ጎማ ያለው ተሳቢ «የኮቴ» ሲከፍል፣ ከጂቡቲ መንገድ የሚመጡ ሾፌሮች በገንዘቡ እንጂ በቃሉ ሲገረሙ አላየሁም።

«ፈለግ» ጠለቅ ያለ ነው። በአማርኛ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ስንል መንገዱን፣ አካሄዱን ማለታችን ነው። በግእዝ ግን ፈለግ ወንዝ ነው፤ ሲበዛ አፍላግ ይሆናል። «ፈለገ ግዮን» የግዮን ወንዝ ነው። በባሕር ዳር «ፈለገ ሕይወት» የሚባለውን ሆስፒታል ስም «የሕይወት መንገድ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ብዙ ነው፤ ቃሉ ግን «የሕይወት ወንዝ» ይላል። ወንዝ እንዴት የእግር ምልክት ሆነ ቢባል፣ ግምቴን ልናገር፦ ወንዝ ራሱ የሄደበትን ቦርቡሮ የሚተው ተጓዥ ነው፤ ሰውና ከብትም በበጋ የደረቀውን መሄጃውን መንገድ ያደርጉታል። «ፈለገ» የሚለው ግስም ከጎኑ ቆሟል። የጠፋ በሬ የሚፈልግ ሰው ፈለጉን ይዞ ይሄዳል። መፈለግ በአማርኛ ልብ ውስጥ ብቻ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ አጎንብሶ መሬት ማየትም ነበር።

ወደ «ፋና» እንምጣ። ዛሬ የከተማ ሰው «ፋና» ሲባል ቀድሞ የሚመጣበት በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው ሬዲዮ ነው፤ ቀጥሎም ችቦ፣ ብርሃን። «ፋና ወጊ» የሚለውን ችቦ ይዞ ከፊት የሚሮጥ ሰው አድርጎ ይሥለዋል። ሥዕሉ አያስከፋም። ነገር ግን «ፋናውን ተከተለ» የሚለውን ልብ ብለን እንየው። አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1964 በቶኪዮ ደገመው፤ በ1968 በሜክሲኮ ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅ ሲወስድ «የአበበን ፋና ተከተለ» ብንል፣ ማሞ የተከተለው የማንን ችቦ ነው? የተከተለው እግር ነው። ቃሉ ችቦ ከመሆኑ ጎን ዱካም ነው፤ እንዲያውም በዚህ አነጋገር ከችቦው ይልቅ ዱካው ይስማማዋል።

ለዚህ ሩቅ ሄዶ መመስከር አያስፈልግም። ከአዳማ ወጣ ብሎ ከሞጆ እስከ መቂ፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ባለው ገበያ ሁሉ በኦሮምኛ «ፋና» ማለት ያለ ምንም ቅኔ የእግር ምልክት ነው። የላም ፋና አለ፣ የጅብ ፋና አለ። «ፋና ቡኡ» ዱካ መከተል ነው። «ና ፋና ኮቱ» ያለ ሰው «ተከተለኝ፣ ከእኔ ጋር ና» ማለቱ ነው። በአማርኛ ወደ ንግግርና ወደ ጽሑፍ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ቃል፣ በኦሮምኛ አቧራው ላይ እንዳለ አለ።

ታዲያ ማን ከማን ወሰደው? በአንድ ወገን ግእዙ «ፍኖት» ብሎ መንገድን ይጠራል፤ ቃሉን ወደዚያ የሚስብ ሰው አያጣም። በሌላው ወገን ደግሞ የኦሮምኛው ፋና ከነሙሉ ቤተሰቡ፣ ከነግሱና ከነመስተዋድዱ በሕይወት አለ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በእኛ ከተማ ቶሎ ይሞቃል። ከተማዋ ስሟን ኦሮምኛ ቁልቋልን ከሚጠራበት «አዳሚ» ጋር የሚያያይዙት አዳማ ነበረች፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ናዝሬት ተባለች፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) አዳማ ወደሚለው ተመለሰች። የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም «ናዝሬት፣ ናዝሬት» እያለ ይጣራል፤ አዳማ የሚለውም ይሳፈርለታል። ስለ ፋና የምለው አንድ ነገር ነው፦ ብዙ እግር የረገጠው መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ዳና ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ መንገዱን መንገድ ያደረገው ግን ያ መብዛቱ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ሸለቆ ከብት ሲነዱ፣ ሲገበያዩና ሲጣሉም ኖረዋል። ቃሉ ሁለቱም ጋ መኖሩ ከማንም የባለቤትነት ክርክር የበለጠ ይነግረኛል።

ቃላቱ ይህን ያህል የበዙት ሥራ ስለነበራቸው ነው። መቂ ገበያ አጠገብ አንድ አዛውንት ጠይቄ ነበር። «አባባ፣ የአህያ ዳና ብቻ አይተው ምን ይነግሩኛል?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ የተጫነችና ያልተጫነች አንድ ትረግጣለች? የተጫነችው ትሰምጣለች። የደከማት ደግሞ የኋላ እግሯን ትጎትታለች። ከዝናብ በፊት ያለፈችና ከዝናብ በኋላ ያለፈች አንድ አይደለችም። ይህን ያላወቀ ከብት አይጠብቅም» አሉኝ። እኔ ትምህርት ቤት አንብብ የተባልኩት ፊደል ነው፤ እሳቸው ያነበቡት ሌላ ነው። ወደ መተሐራ ወረድ ብለን ከአፋሮች ዘንድ ብንደርስ፣ መንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳያጎድል የሚለዋወጥበት «ዳጉ» አለ፤ የጠፋ ከብት ወሬም በዚያው ይሄዳል።

ዱካ ፍርድ ቤትም ነበር። ከብት በሚዘረፍባቸው ብዙ አካባቢዎች የተሰረቀው ከብት ዱካ አንድ መንደር ከገባ፣ የመንደሩ ሰው ዱካው ከወሰኑ መውጣቱን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ካሳየ ነጻ ነው፣ ጭንቀቱ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል። ካላሳየ ሌባውን ማውጣት ወይም ካሣውን መሸከም የሱ ፋንታ ይሆናል። ይህን «ኋላ ቀር» ለማለት የሚቸኩል አንባቢ ካለ፣ በዐሥረኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድጋር ዘመን የነበረውን ደንብ ያስብ፦ የተሰረቀ ከብት ዱካ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲሻገር ተረካቢው ቀበሌ ፍለጋውን እንዲቀጥል ይገደድ ነበር። ሌባን በእግሩ መያዝ የድሀ አገር ብልሃት ብቻ አልነበረም። በዱካ መፍረድ ግን ስሕተትም ግፍም እንደነበረበት መካድ አይቻልም። ንፋስ የጠረገው ዱካ ንጹሑን መንደር ባለ ዕዳ ያደርገዋል።

በአዳማ ደግሞ ንፋስ አይጠፋም። የከተማውን አቧራ ሲያነሣ የኖረው ንፋስ ዛሬ መብራት ያመነጫል፤ የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተጨመረው ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት። ዱካን ያጠፋው ግን ንፋስ ብቻ አይደለም። በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚህ በኩል ሲያልፍ ጉዞ ከመሬት በአንድ ክንድ ከፍ አለ። አስፋልቱ ተከተለ፤ በ2014 ደግሞ የክፍያው ፈጣን መንገድ። ጫማውም ራሱ የእግርን መልክ ወሰደ። ባዶ እግር እንደ ፊት ይለያል፤ ኮንጎ ጫማ ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። ከሁሉ የሚገርመኝ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ነው። ገበሬው በአቧራው ላይ ሲሄድ ከኋላው የሚቀረው የጎማ ጥርስ ነው፤ ዱካ አንባቢ ቢመጣ ትንሽ መኪና እየተንገዳገደ አለፈ ሊል ይችላል።

እግር ከመሬት ሲለይ ቋንቋው ወደ ጣት ዞረ። «አሻራ» የሚለው ቃል፣ ከዓረብኛው «ኢሻራ» (ምልክት) ጋር ዝምድና ያለው የሚመስለው፣ በመጀመሪያ የምናውቀው በቀለም ፓድና በፊርማ ፈንታ በሚጫን አውራ ጣት ነው። መጻፍ የማይችለው «ይፈርማል»፣ የታሰረው አሻራ ይሰጣል። ቢሮ ሰውን የሚያውቀው በጣቱ ነው። ዛሬ የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት የሄደ ሰው ዐሥሩን ጣቶቹንና ዓይኑን ይሰጣል፤ እግሩን የሚጠይቀው የለም። ከዚያ ቃሉ ሰፋ። ደራሲ «አሻራውን አኖረ»፣ ሹም «አሻራውን አሳረፈ»፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የችግኝ ተከላው ዘመቻ «አረንጓዴ አሻራ» ተባለ። በኦሮምኛም «አሻራ መጋሪሳ» ሆነ። ልብ ይሏል፣ ፋናን በጋራ ሲረግጡ የኖሩት ሁለቱ ቋንቋዎች ፋናን የተዉትም በጋራ ነው።

በአሻራ ላይ ጠብ የለኝም። ግን አሻራና ዱካ አንድ ነገር አይናገሩም። አሻራ «ይህን የነካው እሱ ነው» ይላል፤ ማንነትን ይመሰክራል፣ እዚያው ይቆማል። ዱካ ግን ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ፣ ከማን ጋር፣ ተሸክሞ ነው ባዶውን፣ ፈጥኖ ነው ቀስ ብሎ፣ ይላል። «የአባቱን አሻራ ተከተለ» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ አሻራ አይሄድም። ይህ ልዩነት የሚታወቀን ግን «የእግር አሻራ» የሚባል ነገር ሲገጥመን ነው። ዛሬ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ወደ መልካ ቁንጡሬ የሚወስደኝ ይኸው አባባል ነው።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪ.ሜ. ያህል ርቆ፣ በቡታጅራው መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺሕ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ማለት ይቻላል። አዋሽ በዚያ አልፎ ወደ ቆቃ ይወርዳል፣ ወንጂን ያጠጣል፣ በመተሐራ አድርጎ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ከሐዳር አጠገብ ያልፋል፣ ባሕር ሳይደርስም በአቤ ሐይቅ ፈለጉ ይጠፋል። ስፍራውን በ1963 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋለው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለሠላሳ ዓመት ያህል ቆፈረው፤ ኋላ ጣልያኖች፣ በማርቼሎ ፒፐርኖ ቀጥሎም በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ቀጠሉት። አጠገቡ የባልጩት ድንጋይ የሞላባት ባልጪት አለች፤ ስሟ ራሱ ምስክር ነው። ሁለቱ በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ለረጅም ጊዜ ከዚያ የወጣው የእጅ ሥራ ነበር፦ የተጠረበ ባልጩት፣ መጥረቢያ፣ መፋቂያ። በባቱ አጠገብ በጋዴሞታ ኮረብታም ከ276 ሺሕ ዓመት በላይ የሆናቸው የባልጩት ጦር ጫፎች ተገኝተዋል። እነዚህ እንግዲህ በአሻራ ወገን ናቸው። ድንጋይ ተጠርቦ ወደ ሌላ አገር ይወሰዳል፤ ጎርፍ ያንከባልለዋል፤ የተገኘበት ቦታ የተሠራበት ላይሆን ይችላል። ዳና ግን ካለበት አይነሣም። ዳና ባለበት፣ እግሩ እዚያ ነበረ።

በ2018 ፍላቪዮ አልታሙራና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጽሑፍ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ጎምቦሬ በሚባለው ቁፋሮ፣ አንድ ትንሽ ኩሬ ዳር፣ ጭቃው ላይ የቀሩ የእግር ምልክቶች ተገኙ። የጉማሬና የሌሎች እንስሳት አሉ፤ የሰው ዘርም አለ፣ የአዋቂና የሕፃናት። ከሕፃናቱ አንዳንዶቹ የአንድና የሁለት ዓመት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። በዙሪያው ድንጋይ ተጠርቧል፣ ጉማሬ ታርዷል። ከዚያ እሳተ ገሞራ ተነሥቶ አመዱ ሁሉንም ሸፈነው፤ የአመዱ ዕድሜ 700 ሺሕ ዓመት ነው። እነዚህ እኛ አይደሉም፤ ሆሞ ሃይደልበርገንሲስ የሚባለው ቀደምት ዘር ሳይሆኑ አይቀሩም።

እኔን ያቆመኝ የሕፃኑ ነገር ነው። በዚያው በመልካ ቁንጡሬ፣ ጋርባ በሚባለው ቁፋሮ፣ የሕፃን መንጋጋ በ1981 ተገኝቷል፤ በ2023 የወጣው ጥናት የሁለት ሚሊዮን ዓመት የሆሞ ኢሬክተስ ነው ብሎታል። መንጋጋው የሞተ ሕፃን ነው። የጎምቦሬው ዳና ግን የሞተ ሕፃን አይደለም። ቆሞ ድክ ድክ የሚል፣ ትልልቆቹ ሥጋ ሲዘለዝሉና ድንጋይ ሲጠርቡ በመካከላቸው ጭቃ የሚያቦካ ልጅ ነው። ተመራማሪዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው፦ ልጆቹ ከሥራው አልተገለሉም፣ እያዩ ነበር የሚያድጉት። አጥንት ይህን አይነግርም። ድንቅነሽ ራሷ፣ ያን ያህል አጥንት ተርፎላት፣ ከእግሯ መዳፍ የቀረላት ጥቂት ነው፤ የእሷ ዝርያ ቀጥ ብሎ መሄዱን በዓይን ያሳዩን ታንዛኒያ ላይ ሜሪ ሊኪና ባልደረቦቿ በ1978 በላዬቶሊ ያገኟቸው የ3.66 ሚሊዮን ዓመት ዳናዎች ናቸው።

የላዬቶሊ ነገር ሌላም ያስተምራል። ዳናው ከተጠና በኋላ በ1979 መልሰው በአፈር ሸፈኑት። በአፈሩ ውስጥ የግራር ዘር ነበረ፤ በቀለ፤ ሥሩ ወደ ዳናው ይወርድ ጀመር። በ1995 እና በ1996 እንደገና ገልጠው፣ ሥሩን አውጥተው፣ በጥንቃቄ መልሰው ቀበሩት። በመጀመሪያም ዳናን ያቆየው መቀበሩ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ካገኙት እንደ ትናንት ገበያ ዱካ ይሄዳል። ቅርስ ማለት ለጎብኚ ማሳየት ብቻ ለሚመስለን ይህ እንግዳ ነገር ነው። ስለ መልካ ቁንጡሬ ሲታሰብ፣ ከሙዚየሙ ጎጆዎች ይልቅ ገና ያልተቆፈረው የወንዙ ዳር የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ከተማ እየሰፋ አሸዋና ድንጋይ ከወንዝ ዳር የሚወጣበት ዘመን ነውና፣ አንድ ዶዘር በአንድ ጠዋት የሚያልፍበትን ማንም በዳጉ አይለዋወጠውም።

የጎምቦሬውን ምልክት በአማርኛ የሚጽፍ ሰው «የእግር አሻራ» ከማለቱ በፊት ይህን ያስብ። ጣቱና ተረከዙ ለተለየው «የሕፃን ዳና»፣ ለተከታተለው «ዱካ» ቢል ቃሉ አለው። በወንዙ ዳር ከብት የሚጠብቀው ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ ግን የሚያስብበት ነገር የለውም። ቢያሳዩት «ፋና ዳኢማ» ብሎ ያልፋል፤ የሕፃን እግር ምልክት።